ማላካይ የቀበራቸው ቢቨሮች

ዲናን ለሞት ያቀረባት በሽታ ከቢቨር መጣ ይላሉ። ይበሉ። እኔ ግን ስሙን በስሙ እጠራዋለሁ። አልጋ ላይ የጣላት መጀመሪያ የገዛ ወንድሟ ዝምታ ነው፤ ቀጥሎ የራሷ ዝምታ፤ ከዚያም የሁላችንም። ይህን ስናገር ፊታቸውን የሚያዞሩ ዘመዶች አሉኝ። ያዙሩ።

ዲና የአጎቴ የሳይላስ ሚስት ናት። በሩቁ የበረዶ ሰሜን፣ ከጄምስ ባህረ ሰላጤ በስተምሥራቅ፣ ወንዙ ዳር በተቀመጠችው መንደራችን፣ ቢቨር የሚባለውን ጠፍጣፋ ጅራት ያለውን የውሃ አውሬ ያጠመደ ሰው ሁሉ ግዳዩን ይዞ የሚያመራው ወደ እሷ ቤት ነበር። ገፎ መብላት የሚችል ጠፍቶ አይደለም። የእሷ እጅ ያለፈበት ሥጋ ግን ሌላ ነው። ስትገፍ ስቡን ከቆዳው ላይ እንደ ብርድ ልብስ ነው የምታነሳው። ከጅራቱ ሥር ያሉትን ሁለት የሽታ ከረጢቶች እንደ እንቁላል በመዳፏ አቅፋ ታወጣቸዋለች፤ አንዱ ከፈነዳ ሥጋው ሁሉ ይበላሻል፣ ማንም አፉ አያስገባውም። ከዚያ ገላውን በወፍራም ክር ከድንኳኑ አግዳሚ ላይ አንጠልጥላ ከእሳቱ ፊት ታሽከረክረዋለች። ክሩን አንዴ ካጠነጠነችው ሥጋው ራሱ ይዞራል፣ ይቆማል፣ ተመልሶ ይዞራል። ስቡ ከሥሩ በተቀመጠው መጥበሻ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ያንን ስብ በቂጣ አጥቅሶ ያልበላ ሰው ስለ ክረምት ባያወራ ይሻላል። ጅራቱንማ እሳት ላይ ትለበልበዋለች፤ ጥቁሩ ቅርፊት አረፋ እያወጣ ሲነሳ ልጣው ትቀቅለዋለች፤ ለሽማግሌዎች ነው የሚሰጠው፣ ጥርስ አይፈልግም።

ይህን ሁሉ የምትሠራው በባዶ እጇ ነው። አንድ ወጣት ጓንት አድርጎ ቢቨር ሲገፍ ካየች ምላሷ አይጣል ነው።

«ራሱን የሰጠህን እንግዳ በላስቲክ ነው እንዴ የምትጨብጠው?» ትለዋለች። «እናትህንም በማንኪያ ነው የምትስማት?»

እኛ ዘንድ አውሬ ራሱን ይሰጣል እንጂ ሰው በጉልበቱ አይወስደውም። ለሚያከብረው ይሰጣል፤ የማያከብረውን ትቶት ይሄዳል። አጥንቱን ለውሻ አንጥልም፤ ወደ መጣበት ውሃ እንመልሰዋለን። በዚህ እምነት ነው ያደግኩት፣ አልሰድበውም። በዚያ ክረምት ምን እንዳስደረገን ግን እናገራለሁ።

በዚያ ክረምት አጎቴ ሳይላስ ከደቡብ፣ ከትልቁ ሆስፒታል ተመለሰ። «ቤትህ ይሻልሃል» ብለው ነው የሸኙት። ትርጉሙ ለሁላችንም ገብቶናል። አጥንትና ቆዳ ሆኖ ምድጃው አጠገብ ተኛ። ዲና የዓሣ ሾርባ አቀረበች፣ የዝይ ሥጋ አቀረበች፤ ከንፈሩን ነክቶ ይመልሰዋል። አንድ ጠዋት ግን ዓይኑን ገለጠና፦

«ቢቨር» አለ።

«ምን አልክ ሽማግሌው?»

«ቢቨር ነዋ! ጆሮሽም እንደኔ ኩላሊት ደከመ?»

ዲና ሳቀች። ከሆስፒታል ከመጣ ወዲህ መሳቋን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ካፖርቷን ደርባ በቀጥታ ወደ ወንድሟ ወደ ማላካይ ቤት ሄደች። እኔም እንጨት ፈልጬ ስጨርስ ተከተልኳት።

ማላካይ የዲና ታናሽ ወንድም ነው። አባታቸው ሲሞት የቤተሰቡ የአደን መሬት አባት የሆነው እሱ ነው። የትኛው ኩሬ ዘንድሮ ይታደናል፣ የትኛው ያርፋል፣ ከአንድ ጎጆ ስንት ይወሰዳል፣ ስንት ይቀራል፣ የሚወስነው የመሬቱ አባት ነው። ያለ እሱ ቃል ማንም ወጥመድ አያስገባም። ማላካይ ይህን ክብር እንደ ኮት ለብሶት ነበር የሚዞረው። የእሱ ቢቨሮች የሰቡ ናቸው፣ የእሱ ኩሬዎች ሙሉ ናቸው፤ በየድግሱ ስንሰማው የኖርነው ይህንን ነው።

ስገባ የመጋዙን ሰንሰለት እየሞረደ ነበር።

«ሳይላስ ቢቨር አማረው» ትለዋለች ዲና።

«ከሱቅ ዶሮ አምጪለት።»

«ቀልዱን ተወው። የትኛው ኩሬ ልሂድ?»

ማላካይ ሞረዱን አላቆመም። «ዘንድሮ መሬቱን አሳርፌዋለሁ» አለ።

የመሬት አባት «አሳርፌዋለሁ» ካለ ነገሩ አለቀ፤ አይጠየቅም። ጥሩ ልማድ ነው። እኛ ዘንድ ቢቨር ያልጠፋው በዚህ ልማድ ነው። ማላካይ ለውሸቱ የመረጠው ልብስ ይህ ነበር፣ ከሁሉም ልብስ ንጹሁ።

«አምና አይደል እንዴ ያሳረፍከው?» አለች ዲና። «በጋውን ሙሉ ‹ጅራታቸው እንደ መቅዘፊያ ሆኗል› እያልክ ስትፎክርብን አልነበር?»

«አሳርፌዋለሁ ብያለሁ እኮ።»

«ሰውዬው እየሞተ ነው፣ አንተ ቂል! ለሚሞት ሰው ሥጋ ከልክለህ የምን አባት ነህ?»

ይህ ስድብ አይደለም፣ ከስድብ የባሰ ነው። ለበሽተኛ ምግብ የከለከለ ስሙ ከመሬቱ ቀድሞ ይሞታል። ማላካይ ሞረዱን አስቀመጠ። በመስኮቱ ወደ ውጭ፣ ነጩን ወንዝ አየ።

«ላይኛው ኩሬ ሂጂ» አለ ቀስ ብሎ። «የታችኞቹን ግን እንዳትነኪ። አጠገባቸውም አትድረሺ።»

«ለምን?»

«የመሬቱ አባት እኔ ነኝ፣ አንቺ ነሽ?»

ልንወጣ በሩን ስንከፍት ጠራት። «ዲና፣ ጓንት አለሽ?»

ዞር ብላ ሳቀችበት። «እኔ? ደግሞ ምን ሆነሃል ዛሬ?»

«ብርድ ነው ብዬ ነው።»

ብርድ ነው! ያን ቀን በአፉ ያለው እውነት በጥርሱ መካከል እስኪታይ ድረስ መጥቶ ነበር። አፉን ከፈተ፣ «ብርድ ነው» ብሎ ዘጋው። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

በበረዶ ሞተሬ ጭኛት ሄድን። በመንገዳችን ረግረጉን አለፍን፤ በመከር ከደቡብ የመጡ ሰዎች በሄሊኮፕተር ያረፉበት ቦታ ነው። የሞቱ የውሃ አይጦች በከረጢት ለቅመው ነበር። ምን እንዳገኙ የነገረን የለም። እኛም አልጠየቅን። መቼም እነሱ ሲመጡ ከበን እናያለን፣ ሲሄዱ እጃችንን እናውለበልባለን፤ ሥራችን ይኸው ነው።

ላይኛው ኩሬ ስንደርስ ዲና ከሞተሩ ሳትወርድ ጎጆውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ቢቨሮች በቅርንጫፍና በጭቃ የሚሠሩት ጎጆ በበረዶ ተሸፍኖ እንደ ጉብታ ይታያል። ውስጡ ቤተሰብ ካለ ትንፋሻቸው በአናቱ ቀዳዳ ወጥቶ አመዳይ ይሠራል፣ ከሩቅ ያብለጨልጫል። ይሄኛው አናቱ ላይ ያለው አመዳይ የአንድ ጨቅላ ትንፋሽ እንኳን አይመስልም። ዙሪያውን የቀበሮ ዱካ ሞልቶታል። ጥዶቹ ላይ ቁራዎች ተቀምጠዋል፤ የሞተሩ ጩኸት እንኳን አላስነሳቸውም።

«እነዚህ ምን ይጠብቃሉ?» አልኳት።

«እኔን» አለች። «አሮጊት መጣች ብለው።»

ቀለደች እንጂ አልሳቀችም። ረጅሙን የበረዶ መሮ አንስታ ግግሩን እየወጋች በዳር በኩል ሄደች። ቢቨር የሚመላለስበት መንገድ ላይ በረዶው ሳሳ ያለ ነው፤ ድምፁም ይለወጣል። ድምፁ ሲለወጥ ቆመች፣ ፈለፈለች፣ ውሃው ብቅ አለ። ጎንበስ ብላ በመዳፏ ቀድታ አሸተተችው።

«ምን ሸተተሽ?»

«ምንም። ዝም በል፣ ወጥመዱን አቀብለኝ።»

ቢቨር የሚወደውን የነጭ ዛፍ እርጥብ ቅርንጫፍ ከወጥመዱ ጋር አሰረች። በብርድ የተሰነጣጠቀ ጣቷ በሽቦው ተቧጨረና ደማ፤ በበረዶ ጠርጋው ሥራዋን ቀጠለች። ጤነኛ ኩሬ ቢሆን ቅርንጫፉ በማግስቱ ተጎትቶ በተገኘ ነበር። ሄድን፣ እንዳለ ነው። ደግመን ሄድን፣ እንዳለ ነው። እቤት ሳይላስ በየቀኑ «እሺ?» ይላል፣ ዲና በየቀኑ «ነገ» ትለዋለች። ሰውየው እንደ ሻማ እያለቀ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ተያዘ።

ከቀዳዳው ጎትታ በበረዶው ላይ አስተኛችው። ጸጉሩን በእጇ ጠረገችለት፣ በቋንቋችን አመሰገነችው። ከዚያ ጅራቱን ጨበጠችና እጇ ቆመ። የቢቨር ስንቅ ያለው ጅራቱ ውስጥ ነው፤ ክረምቱን የሚገፋው በዚያ ስብ ነው።

«ቀጭን ነው» አለች።

«ክረምት አይደል?»

«በክረምትም እንዲህ አይቀጥንም።» ጅራቱን ለቀቀችና፣ «ዕድሜው ይሆናል» ብላ ሞተሩ የሚጎትተው ተንሸራታች ላይ ጫነችው።

ዕድሜው እንዳልሆነ እኔም አውቄያለሁ፣ እሷም አውቃለች። ግን ምድጃው አጠገብ የሚጠብቅ ሰው አለ። የተራበ የምትወደው ሰው ሲኖር ዓይን የሚያየውን ልብ ይከለክለዋል።

ሳይላስ ገና ሞተሩን ሲሰማ ራሱን ችሎ ተቀምጦ ጠበቀን። ጸጉሩን በውሃ አርሶ አበጥሮታል።

«ሙሽራ መሰልክ» አለችው ዲና።

«ሥጋውን አብስይና ሰርጉን እንደግመዋለን።»

ወለሉ ላይ ካርቶን ዘርግታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ተንበርክካ መግፈፍ ጀመረች። ውሃው ምድጃው ላይ ይንተከተካል። ሳይላስ ከአልጋው ሆኖ «ከእግሩ በኩል ነው፣ እንዴት ነው የያዝሽው!» እያለ ያዛል፤ እሷ «አንተ ልትሞት ነው የመጣኸው ወይስ ልታዘኝ?» ትለዋለች። የሽታ ከረጢቶቹን አወጣች። ሆዱን ከላይ ወደ ታች ሰነጠቀች፣ ሁለቱን እጆቿን አስገባች፣ ጉበቱን ወደ ብርሃኑ አወጣች።

ጥቁር ቀይ መሆን የነበረበት ጉበት ሰው እላዩ ላይ ጨው የበተነበት መስሏል። ነጫጭ ነጠብጣብ፣ ከዳር እስከ ዳር።

የዲናን ትንፋሽ ሰማሁት፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ሳይወጣ ሲቆይ። ሳይላስ ከአልጋው አያይም፤ ጀርባዋ ሸፍኖታል። በሩ የተከፈተው ያኔ ነው፤ ማላካይ። የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ነው የመጣው። በረዶውን ከጫማው ሳያራግፍ፣ ቆቡን ሳያወልቅ፣ ዓይኑ ካርቶኑ ላይ ወደቀ።

«ጉበቱን ጣይው» አለ በሹክሹክታ። «ሥጋው ደህና ነው። ደህና አድርገሽ ካበሰልሽው ምንም አይልም።»

ዲና ቀና ብላ አየችው። ያ አስተያየት ለእኔ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ያልበኝ ነበር።

«አልደነገጥክም» አለችው።

«ምን?»

«ጉበቱን አይተህ አልደነገጥክም። መቼ ነው ያየኸው? ሌላውን?»

«ዲና፣ ሰውየው ይሰማል...»

«መቼ ነው ያየኸው ነው የምልህ!»

ማላካይ ቆቡን አወለቀ። «ውሃው በረዶ ሊሠራ ሲል» አለ። «ታችኞቹ ኩሬዎች ላይ። ተንሳፍፈው አገኘኋቸው። እናቶቹም፣ ግልገሎቹም። አውጥቼ ከጥዶቹ ሥር ቀበርኳቸው።»

«ለማን ተናገርክ?»

«ለማን ልናገር? ‹የማላካይ ቢቨሮች በእጁ ላይ ሞቱ› እንዲሉ? ‹ምን ቢበድላቸው ነው?› እንዲሉ? የአባታችን መሬት እኮ ነው! አንቺስ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

«እጇን እንድትታጠብ እነግራት ነበር» አለች ዲና። «ለእህቴ እነግራት ነበር።»

ሁለት እጆቿ እስከ ክርኗ ድረስ ደም ነበሩ። የተቧጨረው ጣቷ የቱ እንደሆነ እንኳን አይለይም።

ቢቨሩን ቆዳውን ጭምር ጠቅልላ ይዛ ወጣች። በልማዳችን ወደ ውሃ መመለስ ነው ያለባት፤ እግሯም በልማዱ ወደ ወንዙ ወሰዳት። የመንደሩ ሰው ውሃ የሚቀዳበት ቀዳዳ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። አንዴ ቀዳዳውን፣ አንዴ በእጇ ያለውን አየች። ከዚያ ተመለሰችና ከቤቱ ጀርባ ባለው በርሜል ውስጥ እንጨት ከምራ አቃጠለችው። ራሱን የሰጠ እንግዳ እንደ ቆሻሻ በበርሜል ሲነድ ጎረቤት ሁሉ በመስኮት አየ። «ዲና አበደች» አሉ። ልክ እጇን ስትቆርጥ ያዩ ይመስል።

ስትመለስ ሳይላስ አሁንም እንደተቀመጠ ነው፣ ጸጉሩ እንደተበጠረ።

«ሸተተኝ» አላት። «ደረሰ?»

«አረረብኝ» አለች ዲና። ዕድሜዋን ሙሉ ሥጋ አርሮባት የማያውቅ ሴት። ሳይላስ ፊቷን አይቶ ደግሞ አልጠየቀም። ተኛና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዲና ላይ ትኩሳቱ የመጣው ገና ሳምንቱ ሳይሞላ ነው። ጣቷ ላይ ቁስል ወጣ፣ አልደርቅ አለ። በብብቷ ሥር የእንቁላል ያህል እብጠት። ልብሷ እስኪረጥብ ያልባታል፣ ከዚያ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ክሊኒክ አደረስኳት። ነርሷ ጆስሊን ትባላለች፤ አዲስ ናት፣ ግን ሥራዋን የምትወድ ሴት ነች፤ እብጠቱን እንዳየች ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቀቻት። ዲና ስትወጣ በእጇ የያዘችው ለጉሮሮ የሚሰጠውን ተራ እንክብል ነበር።

«ምን አለችሽ?»

«አውሬ ነክተዋል ወይ አለችኝ።»

«እና?»

«ዓሣ ብቻ አልኳት።»

መኪናው ውስጥ ጮህኩባት። አክስቴ ናት፣ በሽተኛ ናት፣ ጮህኩባት። ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ፣ «የማላካይ ስም ነው» አለች። «የአባቴ መሬት ነው። እንክብሉ ያድነኛል።» ከዚያ ዓይኗ ተገለበጠ።

ተሸክሜ መልሼ አስገባኋት። ጆስሊን አልጋ ላይ ስታስተኛት እኔ ሮጬ ማላካይ ቤት ደርሼ ነበር፤ ሁለት ቤት ማዶ ነው። ቅዝቃዜ ውስጥ ጓሮው ተቀምጦ የተሰባበረ ተንሸራታች ይጠግናል፤ እጁ ሥራ ከፈታ የሚያስበውን ይፈራል።

«ትነሳለህ ወይስ እኔ ልናገር?» አልኩት።

«ምኑን?»

«እህትህ ስምህን ልታድን ብላ ነርሷን ዋሸቻት። እየሞተች ነው። እኔ ስለ አንድ ጉበት መናገር እችላለሁ። የት የት እንደሞቱ፣ ስንት ኩሬ እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ የምታውቀው ግን አንተ ነህ። ተነስ!»

«ክላይድ...»

«ስሜን አትጥራ። ቆብህን አድርግና ተነስ።»

ተነሳ። ይህን ልመስክርለት፤ ሮጦ ነው የሄደው፣ በዚያ ዕድሜው፣ ቆቡንም ረስቶ።

የክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ሞልቶ ነበር። ሳል ነው፣ ትኩሳት ነው፣ «ዘንድሮ ጉንፋኑ ከባድ ነው» ይባል ነበር። ጆስሊን ማላካይን ስታይ «ወደ ውስጥ ይግቡ፣ በሩን እዘጋለሁ» አለችው። ማላካይ ራሱን ነቀነቀ። እዚያው በሰው ሁሉ መካከል ቆሞ፣ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ለእሷ፣ ቀጥሎ በቋንቋችን በክሪ ለሁሉም፣ ተናገረ። ተንሳፍፈው እንዳገኛቸው። ግልገሎቹ ጭምር እንደነበሩ። የት እንደቀበራቸው። እህቱ በባዶ እጇ የከፈተችው ቢቨር ጉበቱ ምን ይመስል እንደነበር። «ደብቄያለሁ» አለ። «አፍሬ ነው የደበቅኩት።»

ገና ሳይጨርስ ጆስሊን ስልኩን አንስታ አውሮፕላን እየጠራች ነበር።

ሰው የሚስቅበት መስሎኝ፣ የሚተፋበት መስሎኝ ጠበቅኩ። ከማዕዘኑ እማማ ኤዲት፣ የባሏ መሬት ከማላካይ መሬት በወዲያኛው ተራራ ያለ አሮጊት፣ ከዘራዋን ጨብጣ ወለሉን እያየች፦

«የእኔም ልጅ አግኝቷል» አለች። «በመከር። ለማንም እንዳትናገር አልኩት።»

ከበሩ አጠገብ ቶማስ የሚባለው አናጺ ጉሮሮውን ጠረገ። የሚያድንበት ኩሬ ከሁለቱም ይርቃል። «እኛም» አለ። «ሁለት ጎጆ። ምናልባት ሦስት። የቀረውን ግን... የቀረውን በልተነዋል። ጉበቱን ጥለን።»

ሌላ ሰው መናገር ጀመረና አቋረጠ። ማንም ማንንም አላየም። ሰው ሁሉ የገዛ እጁን ነው ያየው። አንዷ እናት ጭኗ ላይ የተቀመጠውን ሕፃን ጣቶች አንድ በአንድ እየከፈተች ታይ ነበር። እያንዳንዱ የመሬት አባት የራሱን ሬሳ ለብቻው ቀብሮ፣ ለብቻው አፍሮ፣ «አሳርፌዋለሁ» እያለ ክረምቱን ሙሉ ተቀምጧል። ሁሉም ተናግሮ ቢሆን ኖሮ አንድም የሚያፍር ሰው አይኖርም ነበር። እነዚያ የሄሊኮፕተር ሰዎች ዝም አሉን ብለን እንረግማቸዋለን። እርግማኑ ይገባቸዋል። እኛስ?

በሽተኛ የሚያነሳው አውሮፕላን አየሩ ተበላሽቶ አልነሳም ብሎ አመሻሽ ላይ ደረሰ። ዲናን በደቡብ ሆስፒታል ትክክለኛውን መድኃኒት ሰጧት። ዳነች፤ ቀኝ እጇ ግን እስከ መጨረሻው አይጨበጥም፣ ቢላዋ ይወድቅባታል። ሳይላስ እሷ እዚያ እያለች ሞተ። ማላካይ ነበር አጠገቡ፤ በማንኪያ ውሃ ሲሰጠው። ከውሃ ሌላ ምንም አልቀመሰም። ዲና ቀብሩ ላይ አልደረሰችም። ማላካይ ሊያጽናናት ሲመጣ በሩን ከፈተችለት፣ ወንበር ሰጠችው፣ አንድም ቃል አልተናገረችውም። ይቅር አለችው የሚሉ አሉ። አላውቅም። ወንበር መስጠት ይቅርታ ከሆነ ይቅር ብላዋለች።

በጸደይ ወንዙ ሊሰበር ሲል እንደ ወትሮው ሰው ሁሉ ዳር ላይ ወጣ። በየዓመቱ ሻይ ይዘን፣ ልጆች ተሸክመን፣ ግግሩ ሲፈነዳና ሲንኮታኮት የምናይበት ቀን ነው፤ የደስታ ቀን ነው። በዚያ ዓመት ሻይ የቀዳ አልነበረም። ዲናም ነበረች፣ በሽተኛ እጇን ሻርፏ ውስጥ ደብቃ። በረዶው ጮኸ፣ ተሰነጠቀ፣ መሄድ ጀመረ።

ከበረዶው ቁርጥራጮች መካከል መጀመሪያ አንድ ቡናማ ነገር መጣ። ግንድ መሰለን። ተገለበጠና ጠፍጣፋ ጅራቱ ታየ። ከኋላው ሌላ። ከዚያ በሁለቱም ዳር። ወንዛችን ከብዙ ጅረት ነው የሚሰበሰበው፤ የማን መሬት ላይ እንደሞቱ የሚያውቅ የለም። ሰው ሁሉ አጠገቡ ያለውን ሰው በጎን ያይ ነበር። ትንሽ ዝቅ ብሎ የመንደሩን ውሃ የሚስበው ቧንቧ አለ።

«የማን ናቸው?» አለ አንድ ሰው። ይህንን ጥያቄ፣ ያን ሁሉ ነገር ካየን በኋላ!

«የእኔ» አለ ማላካይ። «ሁሉም የእኔ ናቸው። እሺ? አሁን ሳቡ!»

ረጅም ዘንግ ይዞ እስከ ጉልበቱ ውሃው ውስጥ ገባ። ቶማስ ተከተለው፣ ከዚያ የኤዲት ልጅ፣ ከዚያ እኔ። እየያዝን ወደ ዳር መጎተት ጀመርን። እስከ ጨለማ ድረስ ጎተትን። ወንዙ ግን ከእኛ ይፈጥን ነበር።